የአባቴና የአው ሙሜ ኩሬ

ባለፈው ጥር የልጅ ልጄ ድሬዳዋ ላይ ሲዳር፣ ሙሽሮቹን አጅበን ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ አንድ ትልቅ ሆቴል ገባን። ነጭ ጓንት ያጠለቀ አስተናጋጅ ከፊቴ ዝርግ ሳህን አስቀመጠ። ሳህኑ ላይ ቀላ ያሉ፣ እንደ ሕፃን ጣት የታጠፉ ነገሮች ተደርድረዋል። «እማማ፣ ሽሪምፕ ይባላል፤ ከአሰብ በአውሮፕላን የመጣ ነው» አለኝ የልጅ ልጄ፣ ሊያስደንቀኝ ፈልጎ። እኔ አንዱን በሁለት ጣቴ አነሣሁና ገልብጬ ሆዱን አየሁት። እንቁላል ይዞ እንደሆነ ነበር የማየው። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ሳቁብኝ፤ አሮጊቷ ምግብ ትመረምራለች ብለው ነው። ይሳቁ። ሽታው አንዴ አፍንጫዬ ከገባ በኋላ ሠርጉም፣ ሙዚቃውም፣ የሙሽራዋ ረጅም ቬሎም ከዓይኔ ጠፋ፤ ዳገቱን ወጥቼ ሐረር፣ ኤረር በር ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ አባቴን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም።

ኤረር በር ስል የዛሬውን የሚያውቅ ሰው አይገባውም። ከግንቡ ወጥቶ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ዛሬ የጭነት መኪና የሚጠገንበት፣ መሬቱ በዘይት የጠቆረ ግቢ አለ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ሳይ፣ አንድ መካኒክ «እናቴ፣ ምን ፈለጉ?» ቢለኝ መንገዴን ቀጠልኩ። ምን ልበለው? እዚያ ቦታ ሮማን ነበር፣ ጊሽጣ ነበር፣ ትርንጎ ነበር፤ ዳር ዳሩን የከተማው ተወላጅ ጎረቤታችን አው ሙሜ በእጃቸው የተከሉት ጫት ነበር። ከግንቡ በታች የሚፈልቅ ምንጭ በጠባብ ቦይ ይወርድና በድንጋይ በተገደበ ኩሬ ይጠራቀማል፤ አትክልቱ ሁሉ የሚጠጣው ከዚያ ነው። በስተቀኝ ያለው አትክልት የአባቴ የባሻ ደስታ፣ በስተግራ ያለው የአው ሙሜ፣ ኩሬው የሁለቱም ነበር። ከዚያ በፊት ሁሉም የአው ሙሜ አባት ርስት ነበር። አባቴ ገና ጢም ሳያበቅሉ፣ ጠመንጃ ተሸክመው፣ ከሸዋ ከመጣው ሠራዊት ጋር ሐረር ሲገቡ መሬቱ ተከፈለ። ማን ከፈለው፣ በምን ፍርድ ተከፈለ የሚለውን የተማሩት ይከራከሩበት፤ እኔ አልገባበትም። እኔ የማውቀው፣ ሁለቱ ጎረምሶች መጀመሪያ በቦዩ ውኃ ለዓመታት እንደ ተጨቃጨቁ፣ ሲጨቃጨቁም እንደ ተላመዱ፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ ደግሞ አንዱ ያለ አንዱ ውሎ ማደር የማይችል እንደ ነበር ነው።

ይህን የማወራው ነገር የሆነው ከመጀመሪያ ባሌ ተፋትቼ አባቴ ቤት በተመለስኩበት ዘመን፣ ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ፈት ስለ ነበርኩ የሚያዘኝም የሚቆጣጠረኝም አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሐረርም ያን ጊዜ ሐረር ነበረች። በአንድ ተሙን ሰፌድ ሙሉ ሙዝ ይገዛል። በአንድ ጠገራ ብር የገዙት በግ ለሁለት ሰው ሸክም ነው። አቡጀዲ የምንገዛው ከህንዶቹ ሱቅ ሲሆን፣ ህንዱ በክንዱ እየለካ ሲያበቃ ለፈገግታችን አንድ ስንዝር ይጨምርልን ነበር። ፈረስ መጋላ ላይ አንድ የግሪክ ባለሱቅ የሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ ሞላው ስላረጀ ዘፈኑ ሲጀምር ይሮጣል፣ ሲጨርስ ያንቀላፋል፤ እኛ ዘፈኑ ሲፈጠርም እንዲያ ይመስለን ነበር። የከተማው ሴቶች ጥቁርና ቀይ ሐር ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ከጆሯቸው ኋላ በሁለት ጠቅልለው በመረብ ሸፍነው በጠባቡ መንገድ ሲመጡ፣ ግድግዳ ተደግፌ አሳልፋቸውና በቅናት አያቸው ነበር። ሐሙስ ማታ ከአንዱ መስጊድ ሰፈር የዚክር ከበሮ ይሰማል፣ እሑድ ጎሕ ሲቀድ የመድኃኔዓለም ደወል። አሁን የምሰማው የሬዲዮ ማስታወቂያ ነው።

አው ሙሜ እኛ ቤት ሲመጡ ከእናቴ ሽሮና ከማሩ ያሻቸውን ይበላሉ። አባቴም እሳቸው ቤት ሲሄዱ ጫማቸውን አውልቀው፣ በቀይ አፈር የተለቀለቀው ከፍ ያለ መደብ ላይ ይወጡና ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁቲ በወተት እየጠጡ ይውላሉ። የሥጋ ነገር ሲመጣ ግን መለያየት ነው። ክርስቲያን እስላም የባረከውን አይበላም፣ እስላምም ክርስቲያን የባረከውን አይበላም፤ ይህ የታወቀ ነው። በእኔ ሠርግ አባቴ ለአው ሙሜ ወገን ለብቻው በግ ገዙ፤ አው ሙሜ ራሳቸው ቢስሚላህ ብለው አረዱት፤ ሚስታቸው አይ ራሕማ ከቤታቸው ባመጡት ድስት ሠሩት፤ በሌላ ዳስ ተበላ። የአው ሙሜ ልጅ ሲዳርም እንዲሁ የኛ በሬ ለብቻው ታረደ። ድግስ ማለት ሥጋ አይደል? ሁለቱ ወዳጆች በደስታቸው ቀን ሁሉ ሁለት ዳስ ውስጥ ተቀምጠው፣ በአጥር ላይ «በላህ ወይ?» «በልቻለሁ፣ አንተስ?» እየተባባሉ አረጁ።

አንድ ዓመት አው ሙሜ ሐጅ ለመሄድ ነየቱ። ያን ጊዜ ሐጅ ማለት በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ፣ ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል ማለት ነው። ሽማግሌ የሚሄደው ተሰናብቶ ነው። እኛ ቤት በረንዳ ተቀምጠው ሳለ ነገሩን ለአባቴ ያነሡበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ እኔ ምስር እለቅም ነበር።

«ባሻ፣ ልመለስ አልመለስ አላውቅም» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ውኃ ጠጥተን፣ አንድ ቀን እንኳ ከአንድ ሳህን የድግስ ምግብ ሳንበላ ልንለያይ ነው?»

አባቴ «ምን ይሁን ትላለህ?» አሉ። «ወይ አንተ አትክድ፣ ወይ እኔ አልክድ።»

«ክህደት ማን አነሣብህ? የማይታረድ ነገር ይገኝ እንጂ።»

መጀመሪያ ከግሪኩ ሱቅ አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን ገዝተው ሞከሩ። ዓሣ አይታረድም፣ ማንም አይባርከውም፣ ለሁለቱም የተፈቀደ ነው። ሁለቱም አንድ አንድ ጉርሻ አፋቸው አድርገው ተያዩ። «ይኼ ለጠመንጃ መወልወያ ይሆናል» አሉ አባቴ። የቀረውን ድመታችን ወረሰችው።

ከዚያ በኋላ አው ሙሜ ማሽላቸውን ሊያዩ ኤረር ሸለቆ ሲወርዱ አባቴ አብረዋቸው ወረዱ። ወንዙ ዳር በቅሎዎቹን ሲያጠጡ አው ሙሜ ከድንጋይ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር አዩ። ገላው እንደ ብርጭቆ ያሳያል፤ ረጃጅም ጢምና ከገላው የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሉት፤ ሲነኩት በጅራቱ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። አው ሙሜ በወጣትነታቸው ከግመል ነጋዴዎች ጋር ወደ ባሕሩ ወደብ ወደ ዘይላ ይወርዱ ነበርና ወዲያው አወቁት። አባቴ ይህን ታሪክ ሲያወሩ የአው ሙሜን ድምፅ አስመስለው ነው።

«ይኼን ዘይላ በልቼዋለሁ። ዓረቦቹ ሩብያን ይሉታል።»

«ቢሉትስ?»

«አይታረድማ፣ ባሻ። ወላሂ አይታረድም። የሚያርዱት አንገት የታለው?»

ጥቂቶቹን በቅል ውኃ ውስጥ አድርገው፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው፣ ምንጭ ባገኙበት ሁሉ ውኃውን እየለወጡ ዳገቱን አወጧቸው። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ሞቱ። የተረፉትን ኩሬው ውስጥ ለቀቋቸው። እኛ ቤት ስሙ የውኃ ፌንጣ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በሕይወቴ ካየኋቸው ደስ ከሚሉት ናቸው። ሁለት ሽማግሌዎች በየቀኑ፣ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ፣ በኩሬው ግድብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ውኃ ያያሉ። ከወፍጮ የተረፈ የማሽላ ድቃቂ ይበትናሉ። እየቆዩ ጠባዩን አወቁት። ክንዱ የረዘመው ትልቁ ወንድ ጥሩውን ድንጋይ ይይዝና ሌሎቹን ያባርራል፤ እሱ እስካለ ድረስ ትናንሾቹ ወንዶች እዚያው ባሉበት ይቀራሉ፣ እድገት የለም። አንድ ቀን የውኃ ወፍ መጥታ ትልቁን ለቅማ ሄደች። በዚያው ክረምት ከትናንሾቹ አንዱ ተነሥቶ አደገ፣ ክንዱም እንደ ሟቹ ረዘመ፣ ድንጋዩንም ወረሰ። አባቴ ሳቃቸው መጣ፤ «የኛ ሹመትም እኮ እንዲሁ ነው። አንዱ ካልተሻረ ሌላው ቁመት አይጨምርም» አሉ። ሴቶቹ ደግሞ እንቁላላቸውን በሆዳቸው ሥር፣ በትናንሽ እግሮቻቸው መሐል አቅፈው እያራገቡ ይዞራሉ። እንቁላል የያዘች እንዳትነካ ሁለቱ ተማማሉ።

እናቴ ነገሩ አልጣማቸውም። «ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ አትብሉ ተብሏል። መምሬን ይጠይቁ እንጂ» ይላሉ። መምሬ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ቤታችን በየሳምንቱ ይመጣሉ። አባቴ ግን ወሬውን ወደ ዝናብና ወደ እህል ዋጋ እያዞሩ አንድም ቀን ሳይጠይቋቸው ይሸኟቸዋል። እናቴ ሲወተውቷቸው፣ «መምሬ ሥራ ይበዛባቸዋል» ይላሉ። ከበላሁ በኋላ እናዘዛለሁ ብለው እንደ ወሰኑ ሁላችንም ገብቶናል። ሁለቱ ወዳጆች ከገበያ ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት ገዙ፤ አይ ራሕማ ሊሠሩት ተስማሙ፤ ቀኑም ከሐጅ ጉዞ በፊት እንዲሆን ተወሰነ።

ነገር የተበላሸው በባዶ ቅርፊት ነው። አንድ ጠዋት አባቴ በኩሬው ዳር አንድ የውኃ ፌንጣ ወድቆ አገኙ። ሲያነሡት ውስጡ ባዶ ነው። ራሱ አለ፣ ጢሙ አለ፣ ክንዱ እስከ ጥፍሩ አለ፤ ሥጋው ብቻ የለም። ልክ በልቶ ያወቀ ሰው መጥጦ የጣለው ይመስላል። ሌላ ቀን ሌላ አገኙ፤ ደግሞ ሌላ። ከሐረር ሰው ይህን እንስሳ መብላት የሚያውቅ ማን ነው? ዘይላ የወረደው ነዋ። አባቴ ቅርፊቶቹን በመሐረብ ቋጥረው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱና ለማንም አልተናገሩም። በዚያኛው ዳር ደግሞ አው ሙሜ እንደዚያው ያለ ቅርፊት እያገኙ፣ ወታደር ሰው ትዕግሥት የለውም፣ ባሻ ቀደመኝ ብለው አዝነው ኖሯል። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

ተሰዳድበው ቢሆን በማግሥቱ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃቸው ነበር። አልተሰዳደቡም። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁቲ ለመጠጣት መሄድ ተዉ። ከአው ሙሜ አትክልት በየሳምንቱ ይላክልን የነበረው የጊሽጣ ቅርጫት ቀረ። አንዱ ሲመጣ ሌላው «ዛሬ ወገቤን አሞኛል» እያለ ይሄዳል። ድቃቂ የሚበትን ጠፋ። አባቴ ቦዩን አትክልቴን ላጠጣ ብለው ወደ ራሳቸው አዞሩና ሳይመልሱት ረሱት። ገበያ ላይ አይ ራሕማን አገኘኋቸው።

«የናንተ ባሻ ምን ሆነው ነው?» አሉኝ።

«የናንተስ አው ሙሜ፣ እናቴ?»

«እኔስ ምን አውቄ፣ ልጄ። ምግብ ሲቀርብ ትንሽ ይቀምሱና ወደ ግድግዳ ዞረው ይተኛሉ።»

አባቴም እንደዚያው ነበሩ። ቤታችን ጭር አለ። እኔ በፍቺዬ ቀን ያላለቀስኩትን ያህል በዚያ ወር አለቀስኩ፤ ምክንያቱ እንኳ አይታወቀኝም ነበር። የአባቴን ሳቅ ነበር የናፈቅሁት፤ እሳቸው በአው ሙሜ ካልሆነ በማንም አይስቁም ነበር። ሐጃጆቹ የሚነሡበት ቀን ሲቃረብ አላስችል ብሎኝ፣ «አባዬ፣ አው ሙሜ እኮ ሊሄዱ ነው» አልኳቸው።

«ይሂድ» አሉ። «ሩብያኑን ጠግቦ ነው የሚሄደው።» መሐረቡን አውጥተው ፈቱና ቅርፊቶቹን ጉልበታቸው ላይ ዘረገፏቸው። ያን ጊዜ ነው ምክንያቱ የገባኝ። «አይበሉም፤ እሳቸው እንዲህ አያደርጉም» ብል፣ «እንግዲያ እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ» አሉ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጥይት የሌለውን አሮጌ ጠመንጃቸውን ይዘው፣ ከሮማን ዛፍ ጀርባ አደፈጡ። እኔም ዳቦ ላድርስ ብዬ ተከትዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሌባውን ለማየት ሳይሆን አው ሙሜን ቢያዩ ምን እንደሚያደርጉ ፈርቼ ነው። ማንም አልመጣም። ኩሬው ጎድሎ ስለ ነበር ጠፍጣፋው ድንጋይ ከውኃው ሥር በደንብ ይታያል። እዚያ ላይ ያ ክንደ ረጅሙ ወጥቶ በጎኑ ተጋደመ። የሚሞት መስሎኝ ነበር። ከዚያ በራሱና በጅራቱ መሐል ጀርባው ተሰነጠቀ። በስንጥቁ ቀስ እያለ ገላውን ሳበ፤ ራሱን አወጣ፤ ከዚያም እነዚያን ረጃጅም ክንዶች ከጓንት እጅ እንደሚወጣ አድርጎ መዘዛቸው። ሲጨርስ ከቅርፊቱ የበለጠ ትልቅ ነበር፤ ገላው ግን እንደ ሊጥ ለስላሳ ሆኖ መቆም አቃተው። አጠገቡ ባዶው ቅርፊት በእግሮቹ ቆሟል፤ ሕያው የሚመስለው እሱ ነው። ወዲያው ከድንጋይ ሥር ሌላ ወጥቶ ለስላሳውን ሊነክሰው መጣ። አባቴ ጠመንጃቸውን አነሡና አፈሙዙን ውኃው ውስጥ ነክረው «ሂድ ወዲያ» እያሉ ገፉት። ለስላሳው እየተጎተተ ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

አባቴ ጎንበስ ብለው ባዶውን ቅርፊት ከውኃው አወጡ። ከዚያ ሳቁ። እየሳቁ ሳለ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። «ሲያድግ ልብሱን ጥሎ ነው» አሉ። «ምንም አልበላም። ሙሜ ምንም አልበላም።» ቅርፊቱን በመዳፋቸው ይዘው ተነሡ። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ፣ በኤረር በር ገብተን፣ ሰው ሁሉ ጠመንጃቸውን አይቶ መንገድ እየለቀቀላቸው፣ አው ሙሜ ቤት ደረስን። ጫማቸውን ማውለቅ ረስተው መደቡ ላይ ወጡ።

«ሙሜ፣ ሌባውን ያዝኩት» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ።

አው ሙሜ ቅርፊቱን አዩት። የጉዞ ስንቃቸው በአንድ ጥግ ተቋጥሮ ነበር። ከግድግዳው መደርደሪያ አንድ የሸክላ ሳህን አወረዱ፤ እሱም በባዶ ቅርፊት ተሞልቷል። አባቴ ያዩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሯቸው። አው ሙሜ እስኪጨርሱ ሰሙና እንዲህ አሉ፦ «እኔ አንተ የበላህ መስሎኝ ነበር። ብላ፣ ሐላል ይሁንልህ ብያለሁ። ያንገበገበኝ ሳትጠራኝ መብላትህ ነው።»

«እኔስ ሌላ ምን አንገበገበኝ?» አሉ አባቴ።

እዚያው መደቡ ላይ ተቃቅፈው ተቀመጡ። ከመጋረጃው ጀርባ አይ ራሕማ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ አዲሱ ድስት ሲወርድም ሰማሁ።

የዚያኑ ቀን ሁላችንም ወደ ኩሬው ሄድን። እዚያ ስንደርስ ግን ደስታችን ቀዘቀዘ። ቦዩ ተዘግቶ ውኃው ጎድሏል፤ ድቃቂ የሚሰጥ ስለ ጠፋ እርስ በርሳቸው ተበላልተው አልቀዋል። ልብሱን የጣለ ለስላሳ ሁሉ የሌላው እራት ሆኗል። ድንጋዩን ሁሉ ገለባብጠን ያገኘናቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ከጠዋቱ ለስላሳና ሊነክሰው ከመጣው በቀር ሁሉም እንቁላል የታቀፉ ሴቶች። ወንዶቹ እነዚያ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል፤ እነሱም ከጉድጓዳቸው አልወጡልንም።

አው ሙሜ በቁና የያዝናቸውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነዚህን ከበላን ኩሬው ዛሬ አለቀ። ልጆቻቸው ይደጉ። ስመለስ እንበላለን፣ ኢንሻአላህ።»

«አንዷን ብቻ» አሉ አባቴ። «አንዷን ብቻ፣ ለሁለት። ቀምሰን እንለያይ።»

«እናት ናት፣ ባሻ። ተማምለናል እኮ።»

አባቴ እንደዚያ ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም። ቁናውን ግን ራሳቸው ወደ ኩሬው አዘነበሉት። ሐጃጆቹ የተነሡ ዕለት በበቅሎ እስከ ደንገጎ ሸኟቸው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ድሬዳዋ ቁልቁል ይወርዳል። ማታ ሲመለሱ «አው ሙሜ ምን አሉዎት?» ብላቸው፣ «ድቃቂ አታቋርጥ አለኝ» አሉኝ።

አላቋረጡም። ቦዩን ከፈቱ። እናቴ የጣሏቸውን የሸክላ ገሎች ሁሉ ለቅመው፣ ልብሱን የሚጥለው እንዲደበቅበት በውኃው ሥር ደረደሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጠዋት ጠሩኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ መጀመሪያ ምንም አልታየኝም፤ ዓይኔ ሲለምድ ግን ውኃው ራሱ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ዓይናቸው ብቻ ነጥብ ሆኖ የሚታይ፣ ሌላው ገላቸው ከውኃ የማይለይ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ልጆች ነበሩ። ሮማኑ ሲያብብ የስንዴ ፍሬ አከሉ፤ ሮማኑ ሲበስል የጣት አንጓ። የኩሬው ዳር በትናንሽ ባዶ ቅርፊት ተሞላ፤ አባቴም እያንዳንዱን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይበራል። ለጎረቤቱ ሁሉ «ሙሜ ሲመጣ» የሚሉት ነገር በዛ። የትኞቹን እንደሚበሉ መርጠው ጨርሰው ነበር። ደስተኛ አባት ቤት ውስጥ ሲኖር እንዴት ያለ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ እንደማይቆይ ባውቅ ኖሮ ከጎናቸው ባልተነሣሁ ነበር እላለሁ አሁን።

ሐጃጆቹ የገቡ ዕለት ከተማው በከበሮና በዘፈን ተናወጠ። አባቴ ካባቸውን ደርበው ሊቀበሉ ወጡ። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጡም። ሲመሽ የጎረቤት ሰው ደግፎ አመጣቸው። አው ሙሜ ሐጃቸውን ጨርሰው በንዳድ ታመው ነበር፤ እዚያው በቅዱሱ አገር ተቀበሩ። የእስላሙ ወገን ሁሉ «የታደሉ ናቸው፣ እዚያ መቀበር ለማን ይገኛል» ይላል። አባቴም «ታድሏል፣ ታድሏል» እያሉ ካባቸውን ሳያወልቁ መደብ ላይ ተቀምጠው አደሩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩሬው ውስጥ ገብተው ወንዶቹን ብቻ፣ ክንዳቸው የረዘመውን እየመረጡ ያዙ። አዲሱ ድስት ወዳለበት ወደ አይ ራሕማ ቤት ይዘናቸው ሄድን። አይ ራሕማ ሐዘን ላይ ስለ ሆኑ ከመጋረጃው ውጭ አይወጡም፤ እኔ ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ይህን ሠርተው አያውቁም። በቅቤና በበርበሬ ሠሩት፤ ሲሠሩ እንባቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ። ትልቁ ሳህን ወደ ወንዶቹ ወጣ። የከተማው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር፤ የአው ሙሜ ልጅም አለ። ሊቀርቡ ሲሉ አባቴ እጃቸውን ከሳህኑ ማዶ ዘርግተው «በዚህ በኩል ማንም አይቀመጥ» አሉ። ማንም አልተቀመጠም። አባቴ በስመ አብ ብለው ከፊት ለፊታቸው ካለው ጀመሩ። እያንዳንዱን ቅርፊቱን እየላጡ፣ ቀስ እያሉ፣ እስከ ሳህኑ እኩሌታ በሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነኩም። አይ ራሕማ ከመጋረጃው ጀርባ «ባሻ፣ ጨው በቅቶታል?» ብለው ጠየቁ። «በቅቶታል፣ እመቤቴ» አሉ። ሳህኑ ወደ ውስጥ ሲመለስ ግማሹ እንዳለ ነበር። አይ ራሕማ አይተውት ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

እናቴ ነገሩን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። በሳምንቱ መምሬን አስጠሩ። አባቴ አልሸሹም፤ ስለ ዝናብም አላወሩም። ሁላችንም ባለንበት፣ ቆመው፣ የውኃውን እንስሳ በእስላም ቤት እንደ በሉ ተናገሩ። መምሬ ደግ ሰው ናቸው፤ ብዙ አልተቆጡም። ጾም ጨመሩባቸው፣ ስግደት አዘዙባቸው። አባቴ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሁሉንም «እሺ» አሉ። መምሬ መስቀላቸውን ሊያሳልሟቸው አነሡና፣ እንደ ሥርዓቱ፣ «ባሻ፣ ተጸጽተዋል?» ብለው ጠየቋቸው።

«በጣም ተጸጽቻለሁ፣ አባ» አሉ አባቴ። «ብቻዬን በላሁት።»